ማንም ስለ ማንም አይመልስም

በአማርኛ ዜና ውስጥ «ጠላቂ ዋናተኛ» የሚለው ስም የሚሰማው ሁልጊዜ ማለት ይቻላል ከአንድ ሞት ጋር ተያይዞ ነው። ክረምት ይገባል፤ አንድ ልጅ በአዲስ አበባ ወንዝ ወይም ለግንባታ ተቆፍሮ ውኃ ባቆረ ጉድጓድ ውስጥ ይሰጥማል፤ ማታ በሬዲዮ የእሳትና አደጋ ሥጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች አስከሬኑን አውጥተው ለፖሊስ ማስረከባቸው ይነገራል። ከዚህ ውጭ ስለ ጠላቂ የምናውቀው እምብዛም የለም። ለእኛ ለደጋ ሰዎች ውኃ የሚሻገሩት እንጂ የሚገቡበት ነገር አይደለም። ስለዚህም ሲያትል በምኖርበት ጊዜ ቅዳሜ ቅዳሜ ባሕር ውስጥ እንደምጠልቅ ለእናቴ በስልክ የነገርኳት ዕለት፣ ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ማን ጠፍቶባችሁ ነው?» አለችኝ።

ያን ጊዜ ስቄ አልፌዋለሁ። ባለፈው በጋ ግን፣ ንጋት ተብሎ በተሰየመው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ሐይቅ ላይ በአንዲት የዓሣ አስጋሪ ጀልባ ተቀምጬ ሳለሁ፣ የእናቴ ጥያቄ ተመልሶ መጣብኝ። ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ የዘገየ መልስ ነው።

*

አንባቢ ይታገሠኝና ከቀዝቃዛው ውኃ ልጀምር። በአሜሪካ ሰሜን ምዕራብ ጫፍ፣ ሲያትል ከተማ ደጃፍ፣ ፒዩጀት ሳውንድ የሚባል ከውቅያኖስ ወደ የብስ ዘልቆ የገባ የባሕር ክንድ አለ። ውኃው በዓመቱ አብዛኛው ጊዜ ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ብዙ አይርቅም። በእንዲህ ያለ ውኃ ውስጥ ያለ ልብስ የገባ ሰው እጁ በደቂቃዎች ውስጥ ይደነዝዛል። ስለዚህ ጠላቂው አንገቱና የእጁ አንጓ ላይ በጎማ ጥብቅ ብሎ የተዘጋ፣ ውኃ የማያስገባ ልብስ ይለብሳል፤ ከሥሩም የሱፍ ልብስ ይደርባል። ልብሱ አየር ስለሚይዝ ሰውየውን እንደ ቡሽ ያንሳፍፈዋል፤ ለመስጠም ደግሞ ወገቡ ላይ እርሳስ መታጠቅ ግድ ይሆንበታል። የታመቀ አየር የያዘውን ሲሊንደር በጀርባው ሲያዝል ከመርከብ እንደወረደ ኩሊ እየተንገዳገደ ነው ወደ ጀልባዋ ጠርዝ የሚደርሰው።

ውኃው ውስጥ ሲገባ ግን ክብደቱ ሁሉ ይጠፋል። በ10 ሜትር ጥልቀት ላይ በሰውነት ላይ የሚያርፈው ግፊት ከላይ ካለው እጥፍ ይሆናል፤ በ20 ሜትር ሦስት እጥፍ። ብርሃኑ መጀመሪያ አረንጓዴ፣ ቀጥሎ ጥቁር ይሆናል፤ ብዙ ጊዜ ከአምስትና ከስድስት ሜትር በላይ አይታይም። መመለስ የሚቻለው በዝግታ ብቻ ነው። በግፊቱ ምክንያት ደም ውስጥ የሟሟው ናይትሮጅን፣ ሰው በችኮላ ከወጣ እንደተከፈተ የለስላሳ ጠርሙስ አረፋ ይሆንና ያሽመደምዳል፤ ይገድላልም። ስለዚህ አምስት ሜትር ላይ ሦስት ደቂቃ ቆሞ መጠበቅ የሁሉም ጠላቂ ልማድ ነው።

ይህን ሁሉ የማነሣው ስለ ጀልባዋ ካፒቴን ለመናገር ነው። ጀልባዋን አሥራ ሁለት ሆነን በኪራይ እንይዛታለን። ካፒቴኑ በስድሳዎቹ ዕድሜ የሚገኝ፣ ንግግር የማያበዛ ሰው ነበር። ከወደብ ከመነሣታችን በፊት የሁላችንን ስም በአንድ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ ይጽፋል። ጠልቀን ስንመለስ፣ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት፣ ሰሌዳውን ይዞ መካከላችን ይቆምና አንድ በአንድ ይጠራናል። የተጠራው ሰው በራሱ አፍ «አለሁ» ማለት አለበት። ካፒቴኑም ፊቱን ካላየ ምልክት አያደርግም።

አንድ ቅዳሜ በጀልባዋ የታችኛው ክፍል ልብሴን ስቀይር ስሜ ተጠራ። ጓደኛዬ ለደግነት «እሱ ወጥቷል፤ ታች ነው» ብሎ መለሰልኝ። ካፒቴኑ «አንተን አልጠየቅሁም» አለው። ወጥቼ በራሴ አፍ እስክመልስ ድረስ አሥራ አንድ ሰው ብርድ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። እጅግ አፈርሁ። ኋላ ሻይ ስንጠጣ ምክንያቱን ነገረን። እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1998 በአውስትራሊያ ከፖርት ዳግላስ የተነሣች የጠላቂዎች ጀልባ፣ ሰው ሲቆጠር በተፈጠረ ስሕተት፣ ሁለት አሜሪካውያን ባልና ሚስት ውኃ ውስጥ እንዳሉ ትታቸው ተመለሰች። መቅረታቸው የታወቀው ከሁለት ቀን በኋላ፣ ዕቃቸው ጀልባዋ ላይ ሲገኝ ነበር። አስከሬናቸው አልተገኘም። «ቁጥሩ ሞልቶ ነበር፤ ሰዎቹ ናቸው የጎደሉት» አለን ካፒቴኑ። ከዚያ ቀን በኋላ በዚያች ጀልባ ላይ ማንም ስለ ማንም መልሶ አያውቅም።

*

ወደ አሶሳ የወሰደኝ የቤተ ዘመድ ጉዳይ ነው፤ የአክስቴ ልጅ እዚያ መምህርት ናት። ይሁን እንጂ እውነቱን ለመናገር ግድቡን ለማየት የቋመጥሁት ከብዙ ዓመት በፊት ነበር። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በጉባ የመሠረት ድንጋይ ሲጣል፣ እኛ በውጭ የምንኖረው ሁለት ቦታ ተከፍለን ነበር። አዳራሽ ውስጥ ቦንድ ይሸጣል፤ ደጅ ላይ ሰልፍ ይወጣል። እኔ በደጁ ሰልፈኞች ጥያቄ ብዙውን እየተስማማሁ አዳራሹ ውስጥ ገብቼ ቦንድ ከገዙት አንዱ ነኝ። መንግሥት ያልፋል፤ ወንዙ ግን የአገር ነው የሚል ነበር ምክንያቴ። ዛሬም አልተጸጸትሁም። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ግድቡ ሲመረቅ አልቅሻለሁ።

አሶሳ ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች። የማንጎ ዛፍ በየግቢው የሚታይባት፣ ቀርቀሃ አጥርም ጣሪያም የሚሆንባት፣ ገበያተኛው በበርታኛ፣ በዐረብኛና በአማርኛ መካከል ሳያስበው የሚመላለስባት ከተማ ናት። እንግዳ ሆኖ የሚሄድ የመሐል አገር ሰው አንድ ነገር ቶሎ ይገነዘባል፤ የዚህ አገር ሰው ስለ መሐል አገር የሚያውቀውን ያህል እኛ ስለዚህ አገር አናውቅም።

ቤኒሻንጉል ከማዕከላዊው መንግሥት ጋር የተቀላቀለችው በ1890 ዓ.ም. በራስ መኰንን ዘመቻ ነው። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ከዚህ ወደ መሐል አገር የሚጓዘው ወርቅና ባሪያ ነበር። የአሶሳው ገዥ ሼኽ ሖጀሌ አልሐሰን ግብሩን በወርቅ ሲከፍሉ፣ ጉሙዙ፣ በርታው፣ ማኦውና ኮሞው በገዛ ቀየው ይታደን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1902 ዳግማዊ ምኒልክ ከእንግሊዝ ጋር በተዋዋሉት ውል ድንበሩ ተሠመረና ቤኒሻንጉል ከኢትዮጵያ ወገን ሆነች፤ በዚያው ውል የአባይን ፍሰት የሚገታ ሥራ ያለ እንግሊዝ ስምምነት ላለመሥራት ተስማሙ። መሬቱ ወደ አንዱ፣ የውኃው ፈቃድ ወደ ሌላው ሲመደብ፣ በወንዙ ዳር የሚኖረውን ሰው የጠየቀው አልነበረም።

እኛ ኢትዮጵያውያን በአባይ ጉዳይ የምናሰማው ሙግት ዋናው ፍሬ ነገር ይኸው አይደለምን? እ.ኤ.አ. በ1929 እንግሊዝና ግብፅ፣ በ1959 ደግሞ ግብፅና ሱዳን ውኃውን ተነጋግረው ሲከፋፈሉ፣ ከአገሩ አብዛኛው ውኃ የሚፈልቀው ወገን ስሙ አልተጠራም። «ሳንጠየቅ ተመለሰልን» ነው የምንለው። ሙግቱ ትክክል ነው። ግን ትክክለኛ ሙግት የሚከብደው እቤት ውስጥ ሲደርስ ነው።

*

ከአሶሳ ወደ ሆሞሻና ሸርቆሌ የሚወስደው መንገድ እየወረደ ይሄዳል። አሶሳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,500 ሜትር በላይ ላይ ስትሆን፣ ሐይቁ ሲሞላ የሚቆመው 640 ሜትር ላይ ነው። በየኪሎ ሜትሩ ሙቀቱ ይጨምራል፤ ሣሩ ይረዝማል። ከግድቡ ግንብ ርቀን፣ በሐይቁ ደቡባዊ ዳርቻ ወደ አንድ የዓሣ አስጋሪዎች ማረፊያ ደረስን። ሐይቁ ከተፈጠረ ወዲህ ዓሣ ማስገር የብዙ ወጣቶች መተዳደሪያ ሆኗል። የተዋዋልሁት ጀልባ ነጂ የበርታ ልጅ ነው፤ ዕድሜው ከሃያ አምስት አያልፍም። አማርኛውን ትምህርት ቤት፣ ጀልባውን ደግሞ ከሌላ ሐይቅ ከመጡ አስጋሪዎች እንደተማረ ነገረኝ።

ልንነሣ ስንል አንድ ሽማግሌ በሰባት ዓመቷ ከምትገመት የልጅ ልጃቸው ጋር ወደ ጀልባዋ መጡ። ጉሙዝ ናቸው። ከሐይቁ በፊት ወንዙ ዳር ይኖሩ ነበር፤ ከሰፈሩ ጋር ተነሥተው አሁን ከፍ ባለ ቦታ ሰፍረዋል። «ጋሼ፣ ደስ ካላለህ እነግራቸዋለሁ፤ ወር በገባ ቁጥር መጥተው ውኃውን ያያሉ፤ እኔ አላስከፍላቸውም» አለኝ ልጁ። እንዴት ደስ አይለኝም? አራት ሆነን ተነሣን።

ንጋትን በፎቶግራፍ ያያችሁ ሁሉ ውበቱን ታውቃላችሁ፤ እኔ አልደግመውም። ከ1,800 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሸፍን ውኃ ነው። የቀድሞዎቹ ኮረብታዎች አናታቸው ብቻ ቀርቶ ደሴት ሆነዋል። ዳር ዳሩን የደረቁ ዛፎች ውኃው ውስጥ ቆመዋል፤ ወፎች ቅርንጫፋቸው ላይ ክንፋቸውን ዘርግተው ፀሐይ ይሞቃሉ። እኔም ከሲያትል ያመጣሁትን የመጥለቂያ መነጽር ከቦርሳዬ አወጣሁ። ለመጥለቅ አስቤ አልነበረም፤ አየር የሚሞላልኝ ቦታ የለም፣ ውኃ ውስጥ የቆመ ዛፍ ለጠላቂ ወጥመድ ነው፣ አባይም አዞ የሌለበት ወንዝ አይደለም። ልጁ ሞተሩን አጠፋና «ቶሎ በል ጋሼ» አለኝ። ጎንበስ ብዬ ፊቴን ነከርሁ። ላይ ላዩ ለብ ያለ ነው። ክንዴ የደረሰበት ድረስ ብርሃን አለ፤ ከዚያ በታች ምንም የለም። ጥልቅ የሆነ የቆላ ሐይቅ እንዲህ ነው፤ ፀሐይ የምታሞቀው የላይኛውን ንብር ነው፤ ከሥሩ ያለው የቀዘቀዘ፣ የጨለመና አየር ያጠረው ውኃ ከላይኛው ጋር በቀላሉ አይቀላቀልም።

ቀና ስል ሽማግሌው ይስቃሉ። «ምን ታየህ?» አሉኝ በጀልባ ነጂው በኩል። እሳቸው በዐረብኛ ይናገራሉ፤ ልጁ ወደ አማርኛ ይመልሳል። «ምንም አልታየኝም አባቴ» አልኋቸው። «እኔ ይታየኛል» አሉ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እንዳየሁት ልናገር። ሽማግሌው ለልጁ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ እንዲህ እያሉ ጀልባዋን አስነዱት። ዓይናቸው ውኃው ላይ አልነበረም። በስተ ሰሜን ያለ አንድ ጫፉ የተሰነጠቀ ተራራና በስተ ምሥራቅ ያለ ሌላ ኮረብታ ላይ ነበር። ሁለቱ የሚፈልጉበት ቦታ ላይ ሲገጥሙላቸው እጃቸውን አነሡ፤ ሞተሩ ጠፋ። የሲያትሉ ካፒቴን፣ መሣሪያው ሲበላሽበት፣ የሰመጠችውን መርከብ የሚያገኘው በዚሁ ዘዴ ነበር፤ ሁለት ምልክት በየብስ ላይ ማገጣጠም። «እዚህ እናቴ ተቀብራለች» አሉ ሽማግሌው። ቃሉን ልጁ ሲመልስልኝ ድምፁ ቀነሰ።

አምስት ወይም ስድስት ቦታ እንዲህ ቆምን። ወንዙ ሲጎድል የሚሻገሩበት መልካ። ሴቶች ወርቅ የሚያጥቡበት አሸዋ። ቀፎ የሚሰቀልበት የዛፍ ጥላ። ሁለት ጎሳዎች የተጣሉ ጊዜ ለዕርቅ የሚቀመጡበት ድንጋይ። ክረምት ወንዙ ሞልቶ ሲመለስ የሚዘሩበት ዳርቻ። እሳቸው እንደነገሩኝ፣ በ2012 ዓ.ም. ክረምት ውኃው ሲነሣ ሽማግሌዎቹ «መስከረም ይመለሳል» ብለው ነበር። ለዘመናት እንዲያ ነበራ! መስከረም ጠባ፤ ጥቅምትም አለፈ። እሳቸው ከአዲሱ መንደር ወርደው ዳር ላይ ቆመው አዩ። ውኃው አልተመለሰም። «እንግዳ ሆኖ መጣ፤ ባለቤት ሆኖ ቀረ» አሉ።

እያንዳንዱ ቦታ ስም አለው። ማስታወሻዬን አወጣሁና ስሞቹን ጻፍሁ። ከጨረስን በኋላ እንዲያርሙኝ ጮክ ብዬ አነበብሁላቸው። የልጅ ልጃቸው መጀመሪያ አፏን ሸፈነች፤ ቀጥሎ ሽማግሌው ሳቁ፤ በመጨረሻ ልጁም ሳቀ። የጉሙዝ ቋንቋ በአማርኛ የሌሉ ድምፆች አሉት፤ ጆሮዬም ፊደሌም አልያዛቸውም። «ሦስተኛው ስም አይደለም፤ ስድብ ነው አሉ» አለኝ ልጁ እየተሽኮረመመ። ከዚያ ትንሿ ልጅ ስሞቹን በተራ፣ አንድም ሳትስት፣ በቃሏ ወጣቻቸው። ውኃው ሲመጣ እሷ ገና ሕፃን ነበረች፤ ከቦታዎቹ አንዱንም በዓይኗ አላየችም።

በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ከስሞቹ አንዱን እንኳ ያልጠቀስሁት በዚህ ምክንያት ነው። በሁለት ቋንቋ ተሻግሮ የደረሰኝን ስም በእኔ አፍ «አለሁ» ብዬ ብመልስ፣ ጓደኛዬ በእኔ ፈንታ እንደመለሰው ይሆናል።

*

አሁን ወደ ፖለቲካው ልመለስ፤ ከጅምሩም ከፖለቲካው አልወጣሁም።

የግድቡን ቁጥር የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። 5,150 ሜጋ ዋት፤ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ፤ 13 ተርባይን። ሠራተኛው የወር ደመወዙን ሰጥቷል፤ እናቶች ከመቀነታቸው ፈትተዋል፤ ተማሪው በ8100 አጭር መልእክት ልኳል። የሠራተኞቹ ላብ ተዘክሯል። ኢንጂነር ስመኘው በቀለ ሐምሌ 19 ቀን 2010 ዓ.ም. መስቀል አደባባይ መኪናቸው ውስጥ ሞተው ሲገኙ አገር አለቀሰላቸው፤ ይገባቸዋልም። ቁጥሩ ሞልቷል። ግን ጉባን፣ ሸርቆሌንና ሲርባ አባይን ቀዬዬ ብሎ የኖረው ሰው ስሙ በየትኛው ሰሌዳ ላይ ተጻፈ? የእኛ መዋጮ ገንዘብ ነበር፤ ቦንዱ ወለድ አለው። የሽማግሌው መዋጮ የእናታቸው መቃብር ነው። ለዚህ ደረሰኝ የሰጣቸው የለም።

በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ለሐይቁ ሲባል ከቀያቸው ተነሥተዋል። ካሳና አዲስ መንደር አልተሰጣቸውም አልልም፤ ተሰጥቷቸዋል። የትምህርት ቤትና የጤና ጣቢያ ቅርበትን ሽማግሌውም አልካዱም። እኔ የምለው ሌላ ነው። ስለ ጉሙዝ ሲነገር ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነው የሚመልሰው። በድሮ ዘመን ባለ ባሪያው መለሰላቸው፤ ቀጥሎ የድንበር ውሉ። በዘመናችን ደግሞ ካድሬው «ሕዝቡ በደስታ ተቀብሎታል» ብሎ ይመልሳል፤ በውጭ አገር ያለው የመብት ተሟጋችም «ሕዝቡ ተቃውሟል» ብሎ ይመልሳል። ሁለቱም ጉሙዝኛ አይሰሙም።

መልስ የተነፈገ ሰው ምን እንደሚሆን መተከል አሳይቶናል። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በነበሩት ዓመታት በመተከል አማራው፣ አገው፣ ሺናሻው፣ ኦሮሞውና ጉሙዙ ተገድሏል፤ ተፈናቅሏል። ታኅሣሥ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ በአንድ ንጋት ከ100 በላይ ሰዎች ተጨፈጨፉ። ገዳዮቹን የሚያጸድቅ ነገር ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚፈልግ ካለ አያገኝም። ሕፃን ያረደ እጅ በታሪክ በደል አይታጠብም። ሆኖም ያን ጊዜ በየቴሌቪዥኑና በየመድረኩ ስለ ጉሙዝ ሲወራ እያዳመጥሁ፣ ከተናጋሪዎቹ መካከል አንድ የጉሙዝ ገበሬ በገዛ ቋንቋው ሲናገር አልሰማሁም። ሟቹም ቁጥር፣ ገዳዩም የጎሳ ስም ብቻ ሆነው ቀሩ። እንዲህ ያለው አቆጣጠር ሰው ትቶ የሚሄድ ጀልባ ነው።

ወዳጆቼ የሚሉኝን ከወዲሁ አውቃለሁ። «ለግብፅ መሣሪያ ትሰጣለህ» ይሉኛል። መልሴ ይህ ነው። አስዋን ሲገደብ ወደ መቶ ሺህ የሚጠጉ ኑቢያውያን ከግብፅና ከሱዳን መሬታቸው ተነሥተዋል፤ የዋዲ ሐልፋ ሰዎች ከወንዛቸው ብዙ ርቀው ወደ ኸሽም አልጊርባ ተወስደዋል። ዓለም ተረባርቦ የአቡ ሲምበልን ቤተ መቅደስ እ.ኤ.አ. ከ1964 እስከ 1968 ድረስ ቆራርጦ ከፍ ወዳለ ቦታ ሲያወጣ፣ ሰዎቹ ግን እስከ ዛሬ ስለ መመለስ ይጠይቃሉ። ግብፅ በዚህ ረገድ የምታስተምረን የሞራል ትምህርት የለም። ሆኖም አንድ የተደረገ ነገር አለ። በካይሮ የሚገኘው የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ውኃው ከመምጣቱ በፊት፣ ከ1961 እስከ 1964፣ አጥኚዎቹን ወደ ኑቢያ መንደሮች ልኮ የሰዎቹን አኗኗር አስመዘገበ። እኛ ይህን ያህል እንኳ ከጠላታችን ጋር ለመፎካከር አልሞከርንም።

የአባይን በረሃ አካሄድ በእግርና በበቅሎ ተከትሎ ካርታ ያነሣው ማን እንደሆነ ታውቃላችሁ? በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ቺዝማን ነው፤ ሥራውን እ.ኤ.አ. በ1936 በመጽሐፍ አሳተመ። የድንበሩን አካባቢ ለግድብ የመረጠውን ጥናት ያካሄዱት አሜሪካውያን ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 አስረከቡን። ውኃውን ለማስቆም የራሳችን ገንዘብና ጉልበት በቃን፤ ይህ የማይናቅ ክብር ነው። ከውኃው በታች ያለውን ለማወቅ ግን ገና ሰው እየጠበቅን ነው።

*

ታዲያ ምን ይደረግ? የምለው ትንሽ ነው፤ ከአንድ ተርባይን ብሎን ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም።

አንደኛ፣ በሐይቁ ውስጥ ያሉት ደሴቶች አዲስ ስም ከመውጣቱ በፊት ነባር ስማቸው ይጠየቅ። ደሴት ከመሆናቸው በፊት ኮረብታ ነበሩ፤ ኮረብታው ስም ነበረው፤ ስሙን የሚያውቁት ዛሬም አሉ። የመዝናኛ ሎጅ ሠሪው፣ የጀልባ አስጎብኚው ወይም ባለሥልጣኑ በጥድፊያ አንዱን «ሕዳሴ»፣ ሌላውን «ብልጽግና» ሳይለው በፊት፣ አንድ ሰው ሄዶ ይጠይቅ።

ሁለተኛ፣ አሶሳ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ የጉሙዝና የበርታ ልጆች ይማሩበታል። ለእነሱ መቅረጫና ጀልባ ይሰጣቸው። ሽማግሌዎቹን ይዘው ይውጡ፤ ተራራና ኮረብታ እያገጣጠሙ የመቃብሩን፣ የመልካውን፣ የዕርቅ ድንጋዩን ቦታ በገዛ ቋንቋቸው ይመዝግቡ። የኔ ብጤው በሁለት አስተርጓሚ ሄዶ ስድብ ይዞ ከሚመለስ የልጅ ልጆቻቸው ቢጽፉት ይሻላል።

ሦስተኛ፣ ጎብኚ በሚቆምበት ዳር፣ የሜጋ ዋቱ ቁጥር ከተጻፈበት ሰሌዳ አጠገብ፣ እነዚህ ስሞች ይጻፉ። ይህ ግድቡን አያሳንሰውም። አንድ አገር ስለ ከፈለችው ዋጋ በግልጽ መናገር የምትችለው ሥራዋ በእውነት የራሷ ሲሆን ነው።

ጊዜ የለም። ውኃው አይመለስም፤ እኔም ይመለስ አልልም። ሽማግሌዎቹ ግን በየዓመቱ እያለፉ ነው። ያ የተሰነጠቀ ተራራና ያ ኮረብታ ለዘለዓለም ይቆማሉ፤ ሁለቱን የት ላይ ማገጣጠም እንደሚገባ የሚያውቅ ዓይን ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ አይኖርም። ከዚያ ወዲያ ንጋት ውብ ሐይቅ ብቻ ይሆናል።

ወደ ዳር ስንመለስ መሽቶ ነበር። ልጁ ጀልባዋን ካሰረ በኋላ ገንዘቡን ስሰጠው፣ ሽማግሌው የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ቁልቁለቱን ይወጣሉ። ትንሿ ልጅ ዘወር ብላ ስሞቹን እንደ መዝሙር እየደጋገመች ትሄድ ነበር፤ አያቷ በየመሐሉ አንዱን ሲያርሟት ይሰማኛል። እኔም በዚያው ማታ ከአሶሳ ለእናቴ ደወልሁላት። የት እንደዋልሁ ጠየቀችኝ። «ውኃ ላይ» አልኋት።

«ደግሞ ማን ጠፍቶ ነው?» አለች።

በዚህ ጊዜ አልሳቅሁም። ማን እንደ ጠፋ ነገርኋት።

ቸር ይግጠመን።